ካዮ ያፈላው ሻይ

ታይና ለካዮ ሞታለት ነበር። ውይ፣ ሞት ብቻ! ደብሊን ካሉት የብራዚል ልጆች ለእሱ ያልሞተች ማን አለችና? ሳምንቱን ሙሉ በሳይክል የሰው ምግብ ሲያመላልስ ይከርምና ቅዳሜ ሲደርስ ብድግ ነው፤ አንዴ ሊዝበን፣ አንዴ በርሊን፣ ያውም በሳንቲም ትኬት! እሷ ደግሞ ካፌ ጓዳ ሰሃን ስታጥብ ትውልና የሱን ፎቶ ስልኳ ላይ እያየች ታቃስታለች። ታዲያ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ «ፖላንድ፣ ክራኮቭ እንሂድ፤ እዚያ ስንደርስ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ» አላት። አንድ ነገር! ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። መልሷ ከተዘጋጀ ወራት አልፎታል፤ እሺ፣ እሺ፣ አሁንም እሺ!

አብራት የምትኖረው ሮዚሌኒ ግን «ብቻሽንማ አልለቅሽም፣ እናትሽ ትገድለኛለች» ብላ ተከተለቻት።

ጉዱ የጀመረው ገና አውሮፕላን ላይ ነው። ለሻንጣ ላለመክፈል ልብስ ደራርቦ መልበስ የታወቀ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል። ካዮ ግን ከካፖርቱ ገበር ውስጥ የተጠበሰ የዶሮ እግር መዥረጥ! የካፖርቱ ጠጉር ዙሪያውን ተለጣጥፎበታል። ግጦ ግጦ ሲጨርስ አጥንቱን እዚያው ኪሱ መለሰው።

«ደሞ አጥንቱን ለምንህ ነው?» አለችው ሮዚሌኒ።

«ነገ ሾርባ ይወጣዋል።»

ሮዚሌኒ ወደ ታይና ጆሮ ጠጋ ብላ «ኤዲያ! ይሄን አፍ ነው እንግዲህ የምትስሚው?» አለቻት።

«ቆጣቢ ነው!» አለች ታይና። ፍቅር ዕውር ነው ይባላል፤ ለካ አፍንጫም የለው!

ክራኮቭ ደርሰው የከተማው አደባባይ ላይ ሲወጡ ደግሞ ባሰ። ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ምሳቸውን ጨርሰው ከጠረጴዛ ሲነሱ ካዮ ዘሎ ወንበራቸው ላይ ጉብ አለ። የተረፋቸውን ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ የጥርስ ምልክት ያለበትን፣ ዋጥ ስልቅጥ! «ነይ እንጂ፣ ገና ትኩስ ነው» ብሎ በሰውየው ሹካ ሊያጎርሳት እጁን ዘረጋ። የሰው ምራቅ! ታይና «ጠግቤያለሁ» አለችው፣ ሆዷ ከረሃብ ብዛት እየጮኸ።

በማግስቱ ጠዋት ግን፣ ውይ ጠዋት! አልጋዋ ድረስ ሻይ ይዞላት መጣ! አባቷ እንኳን ለእናቷ አድርጎት አያውቅም። ልቧ ቅቤ ሆነ። ሻዩ ብቻ ጣዕሙ ትንሽ... እንዴት ይባላል... እርጥብ ውሻ እርጥብ ውሻ ይላል። የአገሩ ቅጠል ይሆናል ብላ ጭልጥ። ሮዚሌኒ ለሷ ያመጣላትን አሽተት አሽተት አድርጋ «እኔ ጥርሴን ሳልቦርሽ አልጠጣም» ብላ መለሰችለት።

ትንሽ ቆይታ ታይና ልትደግም ወደ ማደሪያው ኩሽና ወረደች። ካዮ ውሃ ማፍያው አጠገብ ቆሞ ያፏጫል። ክዳኑን ከፈት ስታደርገው፣ በስማም! ካልሲ! ጥቁር ካልሲ ይንተከተካል፣ ላዩ ላይ ግራጫ አረፋ!

«ካዮ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ካልሲዬ ነዋ። ልብስ ማሳጠብ ውድ ነው።»

«የኔስ ሻይ?»

«እሱንማ የመጀመሪያውን ጥንድ ቀቅዬ ካወጣሁ በኋላ በአዲስ ውሃ ነው ያፈላሁት።»

«ማፍያውን አጥበኸዋል?»

«ውሃ እኮ ነው የሚፈላበት፣ ምኑ ይታጠባል? አታካብጂ፣ ጀርሙ ሞቷል።»

ግን ታምናላችሁ? አሁንም ሰበብ ትፈልግለት ነበር! ደክሞት ይሆናል፣ አላሰበበትም ይሆናል...

በዚህ መሃል አንዲት ነጭ ሹራብ የለበሱ አሮጊት ኩባያቸውን ይዘው ገቡ። ካዮ ከመቅጽበት ካልሲውን በሹካ አውጥቶ ከነእንፋሎቱ ኪሱ ከተተ፣ ውሃውን ደፋ፣ ሌላ ሞላ። ከዚያ ያንን ፎቶ ላይ ያለውን ፈገግታ ፈገግ አለላቸውና «ቁጭ ይበሉ እማማ፣ እኔ አፈላልዎታለሁ» አለ። ለታይና ደግሞ ጥቅሻ! ዝም በይ የሚል ጥቅሻ!

ያኔ ነው የቆረጠላት። ካልሲውስ ይሁን፤ ጥቅሻው! ለሷም ሻዩን ሲያቀብል በልቡ እንዲህ ጠቅሶ ነበር ማለት ነው።

«እማማ፣ እንዳይጠጡት!» ብላ ጮኸች። አሮጊቷ አልገባቸውም። ታይና ዘልላ ከካዮ ኪስ ካልሲውን በሁለት ጣቷ ጎትታ አወጣችና አንዴ ማፍያውን፣ አንዴ ካልሲውን አሳየቻቸው። አሮጊቷ በአገራቸው ቋንቋ ያወረዱበት ውርጅብኝ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» አለ ካዮ ቲማቲም መስሎ። «እኔ ደሞ ዛሬ ፍቅረኛዬ ሁኚ ልልሽ ነበር!»

«እኔ? ያንተ? እንኳን አላልከኝ! ኤጭ!»

ካልሲውን እግሩ ስር ወርውራ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቀረቀረች፣ ጥርሷን መቦረሽ ጀመረች። ቦረሸች፣ ተፋች፣ ቦረሸች።

«ልጄ በቃሽ፣ ድድሽን ጨረስሽው እኮ!» አለች ሮዚሌኒ ከውጭ እያንኳኳች።

«ተይኝ ሮዚዬ!» አለች ታይና በአረፋ በተሞላ አፏ፣ «እስከ አተላው ነው የጠጣሁት!»