ስድስት በርሜል ውሃ

ብሎን ከሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ መጨረሻ ምሳ የሚበላ ሰው ነው። መድረክ ተሠርቶ ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ ጥላ ሲሮጡ እሱ ከብረቱ ሥር ይቀርና እያንዳንዱን ብሎን በእጁ ይነካካል፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው። ላጣደፈው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ የብረት ማማ ሲያቆም አንድም ቀን ወድቆበት አያውቅም። ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ከጥቁር መጋረጃ ጀርባ ስለሚውል መኖሩን እንኳ የሚያውቅ የለም። የመድረክ ሠራተኛ እናቱ የምትረገመው ድምፅ ሲቋረጥ ነው፤ ድምፁ ካማረማ ምስጋናው የዘፋኙ ነው።

የዚያን ቀን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ኮንሰርቱ ልትመጣ ነበር። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ የብረት ኮዳዋን ውሃ ሞላላት። ማንገቻው ላልቶ ስላየው ከሥራ ቦርሳው ጥቁር ፕላስተር አውጥቶ ሦስት ዙር ጠመጠመበትና እንደ ልማዱ ጫፉን አጠፈው። ከዚያ የት እንደምትቆም ነገራት።

«ግራው ማማ ሥር ቁሚ። ጥላ አለው፤ ደግሞ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ማማው አሥራ ሁለት ሜትር ይሆናል። አናቱ ላይ ስድስት መቶ ኪሎ ስፒከር ወደ ሕዝቡ አዘንብሎ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላ ደግሞ ውሃ የሞሉ ስድስት የፕላስቲክ በርሜሎች በገመድ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ውሃው እስካለ ድረስ ማማው ንቅንቅ አይልም። ውሃው ከሌለ ወዴት እንደሚወድቅ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ዘፋኙ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል ተብሎ አሥራ አንድ ሰዓትም አልመጣም። ፀሐዩ አናት ሲበሳ ውሏል። የሚሸጠው ውሃ አለቀ፤ አዘጋጆቹ በጓሮ በር ሹልክ ብለው ጠፉ። መጀመሪያ ፉጨት ነበር፤ ቀጥሎ ጠርሙስ መጣ። ከጥበቃዎቹ አንዱ ደሙ ፈልቶ አንዱን ወጣት በዱላ አናቱን ፈነከተው፤ ነገሩም ያን ጊዜ ከእጅ ወጣ። ሕዝቡ ዱላውን ቀምቶ ባለቤቱን ቀጠቀጠበት። ሌሎቹ ጥበቃዎች እግሬ አውጪኝ አሉ። አጥሩ ተገረሰሰ፤ በኋላ በኩል የገባው ሰው ከበርሜሎቹ ጋር ተፋጠጠ።

«ውሃ! ውሃ ደብቀው ነው የሚያቃጥሉን!»

በርሜሎቹን በጩቤ ቀደዷቸው። ጠጡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ተረጫጩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሁሉም ይስቁ ነበር።

ብሎን እየሮጠ ሲደርስ ሦስቱ በርሜሎች ባዶ ሆነዋል፤ አራተኛው እየፈሰሰ ነው። ቀና ብሎ አየ። የማማው አናት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ሄዷል፤ ብረቱም ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያጮልቅ ልጁን አያት። በነገራት ቦታ፣ በማማው ሥር ቆማ ከጓደኞቿ ጋር ትጮኻለች።

ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው የሚስቱ ወንድም ነው። በማይክ ሕዝቡን ወደ ኋላ እንዲመልስ ላከው። ሰውዬው ለመነ፤ ሕዝቡ ግን ደግሞ ሊያታልሉን ነው ብሎ ጭራሽ ወደ ፊት ገፋ። የሚስቱ ወንድም ተመልሶ የብሎንን ክንድ ያዘ።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ጎትተን እንውጣ። ሌላው ዕዳችን አይደለም።»

ብሎን ለመሄድ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር መሄድ ፈልጓል።

«እሷን ይዤ ስወጣ አጠገቧ የቆሙትን ምን ልበላቸው?» አለ። «አንተ ሂድና አውጣት። እኔ ስፒከሩን አወርዳለሁ።»

የሚስቱ ወንድም ሕዝቡ ውስጥ ገባ፤ ግፊያውም ዋጠው።

ስፒከሩ የሚወርደው በእጅ በሚሳብ ሰንሰለት ነው። አንድ ክንድ ሙሉ ሲስቡ የሚወርደው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። ብሎን መሳብ ጀመረ። ስፒከሩ ዝቅ ማለት እንደጀመረ ሕዝቡ አየው።

«ዕቃቸውን እየጫኑ ነው! ሊያመልጡ ነው!»

በርሜል ሲቀድዱ የነበሩት ዞሩበት። የጥበቃውን ዱላ የያዘው ጎረምሳ ቀደመ፤ የመጀመሪያውን ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛውን ጆሮው ላይ አሳረፈበት። ብሎን ማማው ሊወድቅ ነው ብሎ ጮኸ፤ ሦስተኛው ምት አፉን አገኘውና ቃሉ ከሁለት ጥርሶቹ ጋር ወደቀ። ራሱን እንዳይከልል እጆቹ ሰንሰለቱ ላይ ናቸው። ሳበ። ደም አንድ ዓይኑን ሸፈነው። በሌላኛው እያየ ሳበ። አንዱ ጣቶቹን ሊያላቅቅ ቢያቅተው በድንጋይ ይቀጠቅጣቸው ጀመር፤ ሁለቱ ሲሰበሩ ብሎን ድምፃቸውን ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው መትቶ የማያውቀው ሰው ያን ጊዜ እግሩን አንስቶ የሰውዬውን ጉልበት ረገጠው። ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ሰውዬው መሬት ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ፤ ብሎን አላዘነለትም።

በመጋረጃው አናት ላይ ድንጋይና ጠርሙስ ይዘንብ ነበር። ከዚያ መሐል አንድ ከባድ ነገር መጥቶ ግንባሩን ፈነከተውና እግሩ ሥር ወደቀ። የብረት ኮዳ ነው። ማንገቻው ላይ ጥቁር ፕላስተር ሦስት ዙር ተጠምጥሞበታል፤ ጫፉ ታጥፏል።

ከዱላው ሁሉ ያ አመመው። ወዲያው ደግሞ ሌላው ነገር ገባው፤ ልጁ አሁንም ከማማው ሥር ናት። በተሰበሩት ጣቶቹ ሳበ። ጎድኑ ላይ መቱት፤ ሳበ። ተንበርክኮም ሳበ።

ስፒከሩ መሬት ነካ። ሸክሙ የተነሳለት ማማ አንዴ ተንቀጥቅጦ ወደ ኋላ ተመለሰና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዱላ የያዘው ጎረምሳ ማማውን አየ፣ የረገበውን ገመድ አየ፣ የፈሰሰውን ውሃ አየ። ዱላውን ጥሎ ሄደ።

ፖሊስ ደርሶ ሜዳው ሲለቀቅ ብሎን ኮዳውን የሥራ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ አንዱን በርሜል ደግፎ ተቀምጦ ነበር። የሚስቱ ወንድም ሸሚዙ ተተልትሎ ልጅቷን ይዞ መጣ። ልጅቷ የአባቷን ፊት ስታይ ሮጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

ለረጅም ጊዜ ካለቀሰች በኋላ «አባዬ፣» አለች፣ «እኔም ወርውሬያለሁ። ሁሉም ሲወረውር… ኮዳዬን። ሰው መትቶ ይሆን?»

ብሎን ባበጠ አፉ ቃሉን እየለቀመ መለሰላት።

«አልመታም። ሣሩ ላይ ወድቆ አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ ደሙን የምትጠርግበት ጨርቅ ለመፈለግ እጇን ወደ ሥራ ቦርሳው ሰደደች። አባቷ በተሰበሩት ጣቶቹ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበው።

«ተይው» አላት። «እሱን እኔ እይዘዋለሁ።»