የትሬቨር ምራቅ

በናንዩኪ ከተማ ግዌንዶሊን የሚባል ስም ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት። አጎቷ ካሪቲ ስሟን አንድም ቀን አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም። «እናትሽ ይህን ያወጣችልሽ ነጭ እንድትሆኚላት ነው?» እያለ ሲያላግጥባት ነው ያደገችው። ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ጠበቃዋ ቢሮ ከፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል። የእንግሊዝ ዜግነት ሲሸተው ዘመድነቱ ትዝ ብሎታል።

ነገሩ አጭር ነው። አባቷ እዚህ ለሥልጠና የመጣ የእንግሊዝ ወታደር ነበር፤ አባትነቱ በዘረ መል ምርመራ ከተረጋገጠ ዜግነቱ መብቷ ነው። ለምርመራው የሚፈለገው ምራቁ ብቻ ነው። ትሬቨር የተባለው ይህ ጀግና ግን ምራቁንም ሰስቷል። ካልሰጠ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያከትማል።

ትሬቨር ከእንግሊዝ በቪዲዮ ጥሪ በኮምፒውተሩ መስኮት ብቅ ሲል ራሱ ተመልጧል፣ ሆዱ ከጠረጴዛው አልፏል። ከግዌንዶሊን አጠገብ የተቀመጠችውን እናቷን ንያኪዮን ቀና ብሎም አላያትም።

«ሴትዮዋን አላውቃትም» አለ ለጠበቃዋ። «እዚያ መጠጥ ቤት ስንት ወታደር ነበር። እኔ ላይ ምን ለጠፋት?»

ግዌንዶሊን ከጠበቃዋ ቀደመች።

«ግዌንዶሊን እባላለሁ» አለችው። «ቢያንስ ስሜን እወቅ።»

ከኋላው ሻይ ይዘው የሚያልፉ አሮጊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰውየው በሃምሳ ዓመቱ እናቱ ቤት ነው የሚኖረው።

«ማን አልሽኝ ልጄ? ይህን ስም ማን አወጣልሽ?»

መልሱን የሰጠችው ንያኪዮ ናት። «በእኛ በኪኩዩዎች የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ነው የምትወስደው፣ እማማ። እንዳረገዝኩ እናትህ ማን ይባላሉ ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም።»

አሮጊቷ ሻዩን አስቀመጡና ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ስሜን ከአንተ ካልሰማች ከማን ሰማች? በል ምራቅህን ስጥ።»

ትሬቨር እስከ ጆሮው ቀላ። «እሺ፣ እሰጣለሁ። ግን ወረቀቱን ስታገኝ መጥታ እዚህ ልትጎለትብኝ አይደለም አይደል?»

ካሪቲ ተስፈንጥሮ አንገቱን አሰገገ። «ኧረ በፍጹም፣ ወንድሜ። አብሬያት መጥቼ ቤት የምፈልግላት እኔ ነኝ። እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኋት።»

«ዞር በል አጎቴ፣ ከለልከኝ» አለች ግዌንዶሊን። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አትስጋ። የጠየቅሁት ዜግነቱን ነው፤ አንተን የጠየቀ የለም።»

«እኔንስ?» አሉ አሮጊቷ።

ግዌንዶሊን ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። ንቀቷን ሁሉ ያጠራቀመችው ለሰውየው ነው፤ ለአሮጊቷ የተረፈ የለም።