የጃፓን ስልክ

ፈንታነሽ ከቤሩት ባዶ እጇን ከተመለሰች ወዲህ አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት፤ ጃፓንኛ ተምራ ወንድሟ ዋልልኝ ወዳለበት ፋብሪካ መሄድ። አስተማሪዋም ራሱ ዋልልኝ ነበር። በየቅዳሜው ይደውላል፤ እሷም ጋፋት ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ኔትወርክ ፍለጋ አጥሩ ሥር ተለጥፋ ትማራለች።

ቋንቋው ግን አበሳ ነው። አንድ ፊደል ያልበቃው ሕዝብ በሦስት ዓይነት ይጽፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ መምጣቱና ለታላቅ ሰው አንቱታ መኖሩ ብቻ ያጽናናታል። ሰዎቹ ቁርጡን አለመናገራቸው ደግሞ ያበሽቃታል።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ እያሉ ዙሪያ ጥምጥም! ምናለ አፍርጠው ቢናገሩ?»

ዋልልኝ ሳቀ። «እኛስ መርዶ እንዴት ነው የምንናገር? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል አይደል?»

ከዚያ ወዲያ አልደወለም። ቅዳሜ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። እናታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ እህል አልወርድ አላቸው።

አንድ ረፋድ ላይ የፈንታነሽ ስልክ ጮኸ። እናትየዋ ገብስ የሚለቅሙበትን ሰፌድ ጥለው አጠገቧ ቆሙ።

የፋብሪካው አለቃ ነው። ለሕፃን እንደሚያወራ ቀስ እያለ ይናገራል። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ። ደግሞ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሐኪሞቹ ተናገረ፤ በመጨረሻ ግሡ መጣ። ዋልልኝ ሞቷል። ያን ሁሉ ጊዜ የጠመመባት ቋንቋ በዚያች ቀን ጥርት ብሎ ገባት፤ ምነው ባልገባት!

«ዋካሪማሽታካ?» አለ ሰውየው፤ ገባሽ ወይ ማለቱ ነው።

እናቷ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። እዚህ አገር እናት የልጇን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ዘመድ፣ በስልክ አትሰማም። ለአጎቷ ለአያሌው በስውር ነግራ፣ እሳቸው ሰው ሰብስበው ነገ ጎህ ሲቀድ እስኪመጡ አፏን መያዝ አለባት።

«ዋካሪማሽታ»፣ ገብቶኛል አለች፣ ድምፅዋን እንደምንም አደላድላ።

«ምን አሉሽ? ደህና ነው ልጄ?»

«ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው አሉ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ እልል አሉ። «እሰይ! እንዲህ አቀላጥፈሽ ነው እንዴ የምትናገሪው! በይ አመስግኝልኝ። እናቱ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በያቸው። ልጄን አደራ በይልኝ።»

ፈንታነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነች። ሰውየው እንደገና ይቅርታ ጠየቀ። አደራ የሚለውን ቃል ዋልልኝ ገና አላስተማራትም ነበር።