ፀሐይን እተኩሳለሁ ያለው እንግዳ

«ተነሺ ዐዋጢፍ! ቋንቋሽ መጣ!»

አጎቷ ሐመድ ከአሶሳ ገበያ እስከ ወንዙ ድረስ በሩጫ ነበር የመጣው፤ ይህን ብሎ ትንፋሽ አጥሮት ጉልበቱን ይዞ ቆመ። ዐዋጢፍ ከእናቷ ከብኸይታ ጋር ውሃ ውስጥ ገብታ ወርቅ ታጥብ ነበር። አሸዋ የሞላውን የእንጨት ገበታ እንደያዘች ቀና አለች።

«የቱ ቋንቋዬ ነው የመጣው?»

«የኸዋጃው ነዋ፣ የፈረንጁ! እንግሊዝ መጥቷል። ወሰን ሊለካ ነው አሉ፤ በቅሎ፣ ግመል፣ የሱዳን ወታደር አስከትሏል። ከደጋ የወረዱት ባላምባራስ ታፈረም ከነጭፍሮቻቸው አብረውት ናቸው። አስተርጓሚያቸው ግን መንገድ ላይ ወባ ጥሎት ቀርቷል። አሁን ሁለቱ ሾላው ሥር ተቀምጠው እንደ በሬና እንደ ግመል ይተያያሉ። አማርኛውን እኔ እችላለሁ። እንግሊዝኛውን ካንቺ በቀር ማን ይችላል?»

ዐዋጢፍ ገበታውን ለቀቀችው፤ የጠዋት ልፋቷ ከነአሸዋው በወንዙ ተወሰደ። እናቷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች።

«አትሄድም» አለች ብኸይታ። «ጠመንጃ ያነገተ ሰው አንድ ጊዜ ወስዶብኛል። ሁለተኛ አልሰጥም።»

እውነቷን ነበር። ዐዋጢፍን ገና በልጅነቷ ባሪያ ፈንጋዮች ከዚሁ ወንዝ ዳር አፍነው ዑምዱርማን ድረስ ወስደዋታል። እንግሊዞች ከተማዋን ሲይዙ ነፃ ወጣችና ካርቱም ውስጥ በአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ቤት ተቀጠረች። የሐኪሙ ሚስት ንዳድ እየጣላት አልጋ ላይ የምትውል፣ ከበሽታው ይልቅ ሥራ መፍታቱ የሚያሠቃያት ሴት ነበረች። ቀኑ አልመሽ ሲላት ዐዋጢፍን አጠገቧ ታስቀምጥና አንድ ዓረፍተ ነገር ትወረውርላታለች። «በይ፣ ሌላ ቀሚስ አልብሺው» ትላታለች።

«ውሃው ቀዘቀዘ» ስትላት ዐዋጢፍ «ውሃው ሙቀት የለውም» ትላለች።

«ሌላ!»

«ውሃው እሳት ናፍቆታል።»

ሴትዮዋ በሳቅ ትፈርሳለች። «ውሃው ቆሸሸ» ያለቻት ለት ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይ! ይኼ ቀሚስ መለወጥ አይደለም፤ ሙሽራዋን ራሷን ነው የለወጥሻት!»

እንዲህ በጨዋታ ነበር ዐዋጢፍ እንግሊዝኛን የለመደችው። በኋላ ሐኪሙና ሚስቱ ወደ አገራቸው ሲገቡ እሷም ከነጋዴዎች ጋር ተጉዛ እናቷ ደጃፍ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቋንቋ የሚያናግራት አንድም ሰው አላገኘችም። እንዳይጠፋባት እየፈራች ብቻዋን ስትሆን ለወንዙ ታወራው ነበር።

«እናቴ፣ ማንም አይወስደኝም» አለች። «እዚያው ሾላው ሥር ነኝ፤ መጥተሽ እዪኝ።» ቀሚሷን ከእናቷ ጣቶች ቀስ ብላ አላቀቀችና ሮጠች። ሐመድ ምስኪን ገና ሳያርፍ ከኋላዋ ዳገቱን ተያያዘው።

ሾላው ሥር የገበያው ሰው ተከማችቷል። ጨውና ማሽላ የሚጠብቅ የለም። ባላምባራስ ታፈረ ጥቁር ካባቸውን ደርበው በርኖስ በተነጠፈበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ፊቱ በፀሐይ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ቅልጥመ ረጅም ሰው አለ። ሚስተር ብሬይ ይሉታል። ከኋላው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር ቆሟል፤ ሁለት ወታደሮች እንደ አራስ ልጅ ይጠብቁታል።

ዐዋጢፍ ቀረብ ብላ በእንግሊዝኛ «እንደምን ዋልክ ጌታዬ፤ መንገዱ አደከመህ ይሆን?» አለችው።

ብሬይ ከመቀመጫው ሲፈናጠር ባርኔጣው ወደቀ። ከዚያ የታቆረ ውሃ እንደተከፈተ ቃሉ ጎረፈ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ቀርከሃው ጫካ፣ ስለ ሞቱበት ግመሎች። ዐዋጢፍን በጆሮዋ የሚገባው እያንዳንዱ ቃል ተጠፋፍተው የከረሙ ዘመዶች የተመለሱ ያህል ደስ አሰኛት። ግራ በገባት ጊዜ ደግሞ እንደ ልማዷ ያለውን ነገር በሌላ ቃል አድርጋ መልሳ ትጠይቀዋለች፤ እሱም «አዎ» ሲላት ያን ጊዜ ለሐመድ በዐረብኛ ትነግረዋለች። ሐመድም በዚያችው በገበያ አማርኛው ያደርሳል።

«ጌታዬ፣ እሷ እንዲህ አለ፤ ኸዋጃ መንገድ ደክሞታል፣ ግመል ሞቶታል ይላል።»

ባላምባራስ ግን ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠይቅልኝ። ፈረንጁ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ እሷ ትመልስለታለች፤ እሱ ይስቃል፤ ለእኔ የምትደርሰኝ ግን አንዲት ነገር ናት። በመካከል የሚወራው ምንድን ነው? የምን ምክክር ነው?»

ዐዋጢፍ ምክክር እንዳልሆነ፣ በትክክል መስማቷን እያረጋገጠች መሆኑን አስረዳች። ባላምባራስ አልተዋጠላቸውም።

«በሃይማኖትሽ ማይልኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ከአፉ የወጣውን ብቻ፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፣ ሳትጠይቂ ታሳልፊያለሽ።»

ዐዋጢፍ በቁርኣን ማለች። ምን ታድርግ? ሰው ሁሉ ያያታል።

ከዚያ ባላምባራስ ዋናውን ነገር ጠየቁ። «ነገ ምን ልትሠራ አስበሃል በሉት።»

ብሬይ ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ በጣቱ አመለከተና ሁለት አጫጭር ነገሮች ተናገረ። ዐዋጢፍ እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች። በካርቱም ወጥ ቤት ሺህ ጊዜ የሰማቻቸው ቃላት ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ትርጉማቸው ጠፋባት። አፏን ለጥያቄ ከፈተች፤ ባላምባራስን አየች፤ መሐላዋ ትዝ አላት። እንደሰማችው ለሐመድ ነገረችው። ሐመድ በዐይኑ «እርግጠኛ ነሽ?» አላት። አንገቷን ደፋች።

«ጌታዬ» አለ ሐመድ፣ «ኸዋጃ እንዲህ አለ። ነገ ጠዋት ኮረብታ እይዛለሁ አለ። ቀትር ሲሆን ደግሞ ፀሐይ እተኩሳለሁ አለ።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«ምን አለ?» ባላምባራስ ብድግ አሉ። ካባቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። «በማን አገር ቆሞ ነው ኮረብታ የሚይዘው? ደግሞስ በፈጣሪ ፀሐይ ላይ የሚተኩስ ምን ዓይነት ጉድ ነው?»

ጭፍሮቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። የሱዳን ወታደሮችም ያን ድምፅ ሲሰሙ የራሳቸውን አነሡ። ሴቶች ጮኹ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፣ የማሽላ ቁና ተገልብጦ ዶሮዎች ተሻሙበት። ብሬይ ባርኔጣውን እንደያዘ ግራ ቀኝ ይላል፤ ምን ብሎ ምን እንደቀሰቀሰ አያውቅም።

ዐዋጢፍ በአፈሙዞቹ መካከል ገብታ ቆመች። እግሯ ለምን እንደታዘዘላት እሷም በኋላ ማስረዳት አልቻለችም።

«ባላምባራስ!» ብላ ጮኸች፤ ሐመድም ከሕዝቡ ውስጥ ሆኖ እየጮኸ ያስተረጉማል። «ምያለሁ፣ መሐላዬን ግን አሁን አፈርሳለሁ! ኩነኔው የእኔ ይሁን። የዚህ ሰው ቃል ደርሶኛል፣ ሐሳቡ ግን አልደረሰኝም። ልጠይቀው! ከዚያ በኋላ ብትተኩሱ መጀመሪያ እኔን ምቱ።»

ባላምባራስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጭፍሮቹ ቃታ ላይ ጣታቸውን እንዳኖሩ ጠበቁ። ዐዋጢፍ ወደ ብሬይ ዞረች።

«ያልከውን ድገመው፤ ግን በሌላ ቃል።»

«ኮረብታውን እይዛለሁ!» አለ ብሬይ እየጮኸ። «ኮ-ረ-ብ-ታ-ውን!»

«ድምፅህን አይደለም፤ ቃሉን ቀይር!»

ሰውየው ላቡን ጠረገ። «ኮረብታው ያለበትን ስፍራ እወስናለሁ።»

ወሳኝ ማን አደረገህ ሊባል ነው፣ አለች በሆዷ። «ሌላ!»

«ምልከታ አደርጋለሁ።»

ይህን ቃል ፈጽሞ ሰምታው አታውቅም። «ሌላ! ለታመመች ሴት፣ ለሕፃን እንደምትናገር አድርገህ!»

ብሬይ ዐይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ቀስ አለ። «አናቱ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ዙሪያውን አያለሁ። ያየሁትን በወረቀት እሥላለሁ።»

የዐዋጢፍ ፊት በራ። ተራው የእሷ ነበር። «እንግዲያስ ትወጣለህ፣ ታያለህ፣ ትወርዳለህ፤ ኮረብታውም እንደነበረ እዚያው ይቀራል?»

«እዚያው ይቀራል እንጂ! ወዴት አደርገዋለሁ?»

«ፀሐይስ? በጥይት ነው?»

ብሬይ ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ጠመንጃዎቹን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ በመዳፉ ግንባሩን መታ። «አምላኬ! አይደለም፣ አይደለም! እኛ ለኪዎች በመካከላችን እንዲህ እንላለን እንጂ... ቀትር ላይ ፀሐይ ምን ያህል ከፍ እንዳለች በመስተዋት አያለሁ። እሷ ያለችበትን ካወቅሁ እኔ በምድር ላይ የት እንደቆምኩ አውቃለሁ።»

«የፀሐይን ከፍታ ለክተህ የቆምክበትን ቦታ ታውቃለህ። ጥይት የለም።»

«ጥይት የለም። ባሩድም የለም።»

ዐዋጢፍ እየተጣደፈች ተናገረች፤ ሐመድ እየተደናቀፈ አስተረጎመ። ባላምባራስ ሰምተው ጺማቸውን ዳበሱ።

«ልጅቱ ከራሷ ወጥ ሠርታ እንዳላቀረበችልኝ በምን ዐውቃለሁ? የሚያይበትን ያሳየኝ።»

ቀዩ ጨርቅ ተፈታ። ከውስጡ በሦስት እግሩ የሚቆም፣ ሆዱ ናስ፣ አፍንጫው መስተዋት የሆነ መሣሪያ ወጣ። ብሬይ ወደ ኮረብታው አነጣጥሮ አስተካከለና በአክብሮት ገለል አለ። ባላምባራስ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ።

«ገለበጠው!» ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ፤ እጃቸው ጎራዴያቸው ላይ ነበር። «ኮረብታውን በአናቱ አቆመው!»

ጭፍሮቹ እንደገና ተንጫጩ። ዐዋጢፍ ሮጣ አየች፤ እውነትም ዛፎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ ፍየሎች በእግራቸው ሰማይ ይረግጣሉ! «በሌላ ቃል!» አለችው ብሬይን፤ እሱም መስተዋቱ ምስልን ሲያሳይ እንደሚገለብጥ፣ ኮረብታው ግን ምንም እንዳልሆነ በሦስት ዓይነት አነጋገር አስረዳት።

«ባላምባራስ፣ በባዶ ዐይንዎ ይዩት» አለች።

አዩ። ኮረብታው በቦታው ነው። በመስተዋቱ አዩ፤ ተገልብጧል። ቀና አሉ፤ ቆሟል። ጎንበስ አሉ፤ ተገልብጧል። አራተኛው ላይ ሳቅ አፈናቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አለቃ ሲስቅ ጭፍራ ምን ይጠብቃል? ሾላው ሥር ሁሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጠመንጃዎቹ ወረዱ፤ ከዚህም ከዚያም ወገን ወታደሩ ለማየት ተራ ያዘ።

«ስሚ ልጄ» አሉ ባላምባራስ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «መሐላሽን ያስማልኩሽ እኔ ነኝና ዕዳው ወደ እኔ ይሁን። ከእንግዲህ ያልገባሽን ነገር እንዳታመጪብኝ። እስኪገባሽ ድረስ ፈረንጁን አስለፍልፊው።»

በማግስቱ ያን ኮረብታ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ገበያው ራሱ እዚያ የቆመ ይመስል ነበር፤ የከርከዴ መጠጥ የምትሸጥ እንኳ አልታጣችም። ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ ብሬይ ጥቁር መስተዋት ገጠመና እጁን ከፍ አደረገ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ የባላምባራስ ጭፍራ ለማንኛውም ብሎ ጆሮውን ደፍኖ ተንበረከከ።

«አሁን!» ብሎ ብሬይ ጮኸ፤ ጸሐፊው ጻፈ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። «ምን ሆነች? ነካት?» ይላል ከኋላ ያለው። «ኧረ አልነካትም፤ ለካት!» ይላል ከፊት ያለው። ዐዋጢፍ ሁሉም በየቋንቋው ሲጠይቃት ለሁሉም ስትመልስ ድምፅዋ ሰለለ።

የድንበሩ ክምር ድንጋይ የተተከለው ከኮረብታው ማዶ ርቆ ነበር፤ ወንዙም ወርቅ አጣቢዎቹም ከወሰኑ ወዲህ በነበሩበት ቀሩ። ብሬይ ግን ሥራው ገና ነበር፤ እስከ ዐባይ መውረድ አለበት። ዐዋጢፍ አብራው እንድትሄድ ሲጠይቃት ባላምባራስ ራሳቸው ደስ አላቸው። እሷ ግን እናቷን በዐይኗ ፈለገች።

ብኸይታ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። ልጇን ሳይሆን ብሬይን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ምን ይላል?» አለች።

«ወደ ዐባይ አብሬው እንድሄድ ይፈልጋል።»

«አንቺስ?»

ዐዋጢፍ ዐይኗ እያበራ ወደ ዐባይ አቅጣጫ አየች። እናት የልጇን ዐይን ማንበብ አያቅታትም።

«እንግዲያው ንገሪው» አለች ብኸይታ። «ያለፈው መንገድሽ ያለ እኔ ነበር። የአሁኑን አብሬሽ እሄዳለሁ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪው!»

ዐዋጢፍ ነገረችው። ብሬይ ባርኔጣውን አነሣ።

ሐሙስ ዕለት የብሬይ ጓዝ ተነሣ። ብኸይታ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ግመል ላይ ወጥታ፣ ኮርቻውን በሁለት እጇ አንቃ፣ ግመል ነጂውን «ቀስ! ቀስ በል አንተ!» እያለች ትጮህበታለች። ልጇ ከጎኗ እየሮጠች ትስቃለች።