ጀውሃን የማያልፉ ሳይክሎች

ሽማግሌዎችን ሳይክል ላይ ማውጣት ቀላል ነው። ከባዱ ወዴት እንደሚሄዱ ማስማማት ነው። እኔ ዙልፋ ሷሊሕ፣ የሸዋ ሮቢቷ ነርስ፣ ይህን ያወቅሁት ጨጓራዬን ልጠው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ጥፋቱን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ስድስት አዛውንቶች በየወሩ እየመጡ «እግሬን ያደነዝዘኛል፣ ያቃጥለኛል» ይሉኛል። «ተንቀሳቀሱ» እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። አንድ ቀን ሼህ ሰዲቅ «ድሮ እኮ በዚህ ከተማ ሳይክል ያልነዳ ወንድ አልነበረም» አሉ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ እትዬ ዘነበች «ሴትም ነድታለች!» ብለው ተቆጧቸው። እኔ ሞኟ ነገሩን የምር አድርጌ ያዝኩት። ሳይክል ተፈለገ፣ ጎማ ተለጠፈ፣ ኮርቻ ዝቅ ተደረገ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ስድስቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተሰልፈው ከተማውን ይዞሩ ጀመር። ከስድስቱ አንዱ አባቴ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ከተማው ጠበባቸው። «አገር የሚታይበት ቦታ ውሰጅን» አሉ። ደስ አለኝ፤ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስበት ጉዞ ማቀድ ጀመርኩ።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደቡብ ከወጡ መንገዱ በአርማንያ አድርጎ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ጣርማ በር የሚሄድ ዳገት ነው፤ ጭነት መኪና እንኳ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ወደ ሰሜን ከሄዱ ቆላው ሜዳ ነው። የማንጎው ጥላ አለ፣ የማሾው ማሳ አለ፣ ጀውሃ ወንዝ አለ፣ ከዚያ ሰንበቴ፣ ጉልበት ላለው እስከ ካራቆሬ። የሰባ ዓመት ሰው ወዴት ይንዳ ቢባል ሕፃን ልጅ ይመልሰዋል።

የእኔዎቹ ዳገቱን መረጡ። አንዴ ቢሆን እሺ፤ አራት ቅዳሜ ሙሉ! ነዱት ማለትም ውሸት ነው፤ ገፉት። በአራተኛው ቅዳሜ ሼህ ሰዲቅ ስኳራቸው ወርዶ ዓይናቸው ሲንከራተት መንገድ ዳር አስቀምጬ ከረሜላ አጎረስኳቸው። ሲነቁ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አየሩ ግን ደስ ይላል።»

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጀውሃ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የነጅሙዲን ቤት አለ። ነጅሙዲንና አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባልንጀሮች ናቸው፤ አርባ ዓመት አብረው ሽንኩርት ነግደዋል። የዛሬ አራት ዓመት የነጅሙዲን ሚስት መሊካ ስትሞት አባቴ ለቅሶ አልደረሰም። መጀመሪያ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት አባቴን ወባ ጣለው። ከወባው ሲነሳ ረመዳን ገባና «ከዒድ በኋላ ይሻላል» አለ። ከዒድ በኋላ ደግሞ ማፈር ጀመረ። ዛሬ ነገ ሲል ነጅሙዲን ሲሃም የምትባል ሴት አገባ።

ነገሩ የተቆላለፈው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በሐዘንተኛው ደጅ ቀና ብሎ አያልፍም፤ ገብቶ ማልቀስ አለበት። አዲስ ሚስት ያለችበት ቤት ገብቶ ለቀድሞዋ ማልቀስ ደግሞ አዲሷን እንደ መስደብ ነው። «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ እንዳይገባ፣ ያላለቀሰላት መሊካ አለች። አባቴ በሁለቱ መሃል ቆሞ ቀረ። በሚኒባስ ሲያልፍ እንኳ ጀውሃ ሊደርስ ሲል ፎጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ የተኛ ይመስላል። ስልኩ ላይ የነጅሙዲንን ስም አውጥቶ ትክ ብሎ ሲያየው ስንት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አይደውልም። ይናፍቀዋል፤ እንዳያጣው ይፈራል፤ በፍርሃቱም እያጣው ነው። ይህ ነው አንጀቴን የሚበላው።

የሚያሳርረኝ ግን የሌሎቹ ነገር ነው። አባቴን ላለማሳፈር ተማምለው ይዋሻሉ። ከአራተኛው ዳገት በኋላ በረንዳዬ ላይ ሰበሰብኳቸው። በአንድ የድሮ ክትባት ፖስተር ጀርባ ላይ መንገዱን በእስክሪብቶ ስዬ «የፊታችን ቅዳሜ ሰንበቴ» አልኩ። «ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ የውሃ ዕረፍት ጀውሃ ላይ።»

አባቴ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር።

«በዚያ በኩል ነፋስ አለ» አሉ ሼህ ሰዲቅ።

«ነፋሱ ዳገት አይወጣም ወይ?»

«እኔ ግመል እፈራለሁ» አሉ እትዬ ዘነበች። «በሰንበቴ መንገድ ግመል ይበዛል።»

እትዬ ዘነበች ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልሳ ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ያስተማሩ ሴት ናቸው። ግመል ሲያያቸው ነው የሚፈራው።

«ማንጎው ሲደርስ ብንሄድ አይሻልም?» አሉ ሌላው።

ደሜ ፈላ። «ውሸታችሁን ነው!» አልኩ። አዛውንት ፊት እንዲህ ጮኬ አላውቅም። «ነፋስም ግመልም የለም። አባቴ መሊካን ለቅሶ ስላልደረሰ ነው። እሱ ስላፈረ እናንተ ዳገት ላይ ልትሞቱብኝ ነው! ሼህ ሰዲቅን በከረሜላ ነው የመለስኳቸው!»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ ልጅ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ከተናገርኩ በኋላ ቆጨኝ፤ ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ጎንበስ እንዳለ «ብገባስ፣ የቱን ላስቀድም?» አለ።

ይህችን ጥያቄ ሲጠብቁ ኖረዋል ለካ። ስለ መንገዱ አንድ የረባ ሐሳብ ያላዋጡ ሰዎች ምላሳቸው ተፈታ።

«በሆነው ቅደም ተከተል ነው» አሉ ሼህ ሰዲቅ። «መጀመሪያ ሞተች፣ ከዚያ አገባ። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ደስታው።»

«ሲሃም ፊት?» አሉ እትዬ ዘነበች። «በል ስማኝ ሷሊሕ። ቀድሜ እኔ እገባለሁ። ልጅቱን ወደ ጓዳ ይዣት እሄድና ወሬ አስይዛታለሁ። አንተ በዚህ መሃል ቶሎ አልቅሰህ ጨርስ። ስንወጣ ፊትህን ጠርገህ እንኳን ደስ አላችሁ ትላለህ።»

«ስንት ደቂቃ ትይዢልኛለሽ?» አለ አባቴ።

«ሩብ ሰዓት ይበቃል» አሉ ሼህ ሰዲቅ። «ድምፅህን ግን አታሰማ። ጩኸት በሃይማኖትም የተወደደ አይደለም።»

እኔ እንግዲህ ስለ ጥላ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምሳ ስኳር መጠን ላስረዳ ነበር የሰበሰብኳቸው። በፖስተሩ ላይ፣ ጀውሃ ጎን፣ «ሩብ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ጠዋቱ ውብ ነበር፤ እኔ አላየሁትም። ሼህ ሰዲቅ ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ሰላምታውም የከብቱን ደህንነት ሳይጠይቅ አያልቅም። በየሽንኩርቱ ማሳ አንድ ሰው ቀና ይላል፣ በየሰዉ አንድ ሳይክል ይቆማል። ጀውሃ ሊደርስ ሲል አባቴ «ጎማዬ ተነፈሰ» ብሎ ወረደ። ጎማውን በጣቴ ተጫንኩት፤ ድንጋይ ነው። ሜዳ ላይ ሳይክሉን ይገፋ ጀመር፤ እኔም ወርጄ አብሬው ገፋሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለውን እያጠና ነበር።

ወደ ኋላ ዞር ስል እትዬ ዘነበች የሉም። አንድ ባጃጅ ነጂ የድሮ ተማሪያቸው ኖሮ መሃል መንገድ ላይ ጉልበታቸውን ይስማል። እሳቸው ደግሞ ስንተኛ ክፍል እንዳስተማሩት ካላወቁ አይለቁትም። እጄን አወናጨፍኩ፣ ጠራሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ሼህ ሰዲቅም ሌሎቹም ከእሳቸው ጋር ቆመዋል።

«አባ፣ ቆይ እስኪደርሱ» አልኩት። አራት ዓመት የቆየ ሰው አሁን አልቆይም አለ። የቆርቆሮውን በር አንኳኳ።

የከፈተችው ሲሃም ናት። ሕፃን አዝላለች፣ እጇ በሊጥ ነጭ ሆኗል። አባቴ አላያትም። በትከሻዋ አሻግሮ ግቢውን አየ፤ መሊካ ሽንኩርት ትለቅምበት የነበረውን ዳስ አየ። የተጠናው ሁሉ ጠፋው።

«መሊካ!» ብሎ ጮኸ። «መሊካ፣ እህቴ!»

ሳይክሉን እንደያዘ፣ በአዲሷ ሚስት ፊት አለቀሰ። ሲሃም ቀጥ ብላ ቀረች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አለቀ፣ ጓደኛውን አጣ አልኩ በልቤ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ነጅሙዲን ከውስጥ ወጣ። አባቴ ሲያየው በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ደባለቀው። «አላህ ይራህማት፣ ሰብሩን ይስጥህ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ዘገየሁ፣ አፉ በለኝ።»

ነጅሙዲን ቀረብ ብሎ ሳይክሉን ከእጁ ተቀበለና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«እስቲ ድገመው» አለ።

«ምኑን?»

«ስሟን።»

አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ምን ላድርገው?

«መሊካ» አለ ቀስ ብሎ።

ነጅሙዲን የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። «ያኔ የመጣው ሰው ሁሉ በሦስት ቀን አልቅሶ ሄደ» አለ። «ሳገባ ደግሞ ለሲሃም ክብር ብሎ ሁሉም ዝም አለ። ጎረቤቱ ዝም። ልጆቼ እንኳ በስልክ እናታችን ብለው ይጀምሩና ያቋርጡታል። በዚህ ግቢ ስሟን ሰው ሲጠራ ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሷሊሕ።» ከዚያ እሱም አለቀሰ፤ አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን አቀፈው።

«እኔ ዝም በሉ አላልኩም» አለች ሲሃም። ተቆጥታለች። «አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።» ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ እኔን አስታቀፈችኝና ገባች። ሰሌን ይዛ ወጣችና ለቅሶ ቤት እንደሚነጠፍ አድርጋ ግቢው መሃል አነጠፈችው።

ይኼኔ እትዬ ዘነበች ሌሎቹን አስከትለው እያለከለኩ ደረሱ። እንባውንም ሰሌኑንም ሳያዩ ወደ ሥራቸው ገቡ። «ሲሃም የኔ ልጅ፣ እስቲ ወደ ጓዳ እንግባና—»

«አልገባም፣ እትዬ። እዚሁ ይቀመጡ።»

ሰንበቴ አልደረስንም። ሰዓቴን ሦስት ጊዜ አይቼ ተውኩት። ሳይክሎቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ፀሐይ በላቸው። ነጅሙዲን ፊቱን በእጁ ጠረገና «በል ንገረኝ» አለ አባቴን፤ «የምታውቀውን ሁሉ፣ እኔ የረሳሁት ካለም።» አባቴ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶታል።

ሲሃም ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ከመልኳ ይጀምሩልኝ» አለችው። «ፎቶዋን እንኳ ደብቀውብኛል።»