የግልገሎቹ ባና

«ብርዱ እኮ ነበር ጤናችን!» አለ አስማረ፣ አፉ ንፍሮ እንደሞላ። «በረዶው ደጁን ሸፍኖት ሲያድር፣ እንዴት ያምር መሰላችሁ! ደብሬም እዚያው ደጋዋ ላይ ብትቀመጥ ዛሬም በሕይወት ነበረች። የሰቆጣ ሙቀት ነው የበላት።»

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የደብሬ ሰልስት ነበር። ልጇ ሰላማዊት ድንኳኑ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ የአጎቷን አፍ አየችው። የባቄላ ልጣጭ ጥርሱ ላይ ተለጥፏል። ዐይኗን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

አስማረ የአባቷ ወንድም ነው። አባቷ ሲሞት ቤቱንም፣ በጎቹንም፣ እነሱንም የያዘው እሱ ነበር፤ ገብሱን ውርጭ በሚያቃጥልበት በዚያ ተራራ ላይ።

«ሰላሜ፣» አለ ጠጋ ብሎ፣ «የአርባዋን ተዝካር እላይ ነው የምናወጣው። ቄሶቹን አነጋግሬ ነው የመጣሁት።»

«እሷ አልፈለገችም።»

«አገሬውስ ምን ይለኛል? የወንድሙን ሚስት ሰው አገር ጥሎ ረሳት እንዲለኝ ነው?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሐዘን አይደለም ያመጣው፤ ለስሙ ብሎ ነው የመጣው።

ደብሬ ሰቆጣ ከወረደች ወዲህ ያለ ካልሲ ውላ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ካልሲዎቿን ግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ሲሞቁ ታደርጋቸዋለች። ሰፈሩ «በዚህ ሙቀት!» እያለ ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ልትሞት ስትቃረብ ግን አልሳቀችም። የልጇን እጅ ይዛ፣ «እዚያ ብርድ ላይ ስሜ እንኳ እንዳይጠራ፤ አደራሽን» አለቻት።

ሰላማዊት ለአጎቷ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ጎረቤቷ እትዬ ማርታ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ ልጄ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «በልቅሶ ላይ ከትልቅ ሰው ጋር አፍ መካፈት ነውር ነው።»

ሰላማዊት አቀረቀረች። አስማረ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው። ከጎኑ ያለውን ጥቅል ፈታና ወፍራም ጥቁር ባና አወጣ።

«እንኪ፣ የእናትሽ ነው። ለብርድ የሚሆን እንዲህ ያለ ሱፍ ዛሬ የት ይገኛል?» ብሎ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ሽታው ቀድሞ ደረሳት። የረጠበ ሱፍ፣ ጭስ፣ የበግ ሽንት። ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ አልለቀቀውም።

ሰላማዊት ልጅ ሳለች፣ በዚያ ሐምሌ፣ እላይ ተራራው ላይ ከቀትር ጀምሮ የወረደው በረዶ ደጁን ነጭ አድርጎት ነበር። አባቷ ከሞተ ብዙም አልቆየም፤ እናቷ አራስ ናት። ሕፃኑን በዚህ ባና ጠቅልላ መደብ ላይ ተኝታለች። አስማረ ገና የተወለዱ ሁለት ግልገሎች ታቅፎ ገባ። ይንቀጠቀጣሉ። ባናውን ከእናትና ከልጁ ላይ ገፈፈና ግልገሎቹን ጠቀለለበት።

«በግ ከሌለ እናንተንስ ማን ያበላችኋል?» አለ።

ደብሬ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ግልገሎቹ አደሩ። ሕፃኑ አላደረም። እሱን ቀብራ የሰላማዊትን እጅ ይዛ በበረዶው ላይ ቁልቁል ወረደች፤ ያን ቀን ብርዱ የበላው እግሯ ዳግመኛ ሞቆት አያውቅም።

ሰላማዊት ተነሣች። ባናውን ከትከሻዋ አውርዳ በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ዘረጋችለት።

«አያ አስማረ፣ ይህን ለግልገሎችዎ ይመልሱላቸው።»



«ምን ማለትሽ ነው?»

«ወንድሜን ገፈው ነው ግልገል ያለበሱበት። እኔ እዚያው ነበርኩ። ያ ብርድ ወንድሜን ገድሎታል፤ እርስዎ ደግሞ የእናቴ ልቅሶ ላይ ተቀምጠው ጤናችን ነበር ይላሉ። ያስጠሉኛል! ተዝካሯ እዚሁ ነው፣ ፀሐይ ባለበት።»

«እንዲህ ስትዘልፈኝ ዝም ትላላችሁ?» አለ አስማረ ወደ ለቀስተኞቹ ዞሮ።

 እትዬ ማርታ ብድግ አለችና የንፍሮውን ሰሃን ከፊቱ አነሣችው።

አስማረ ባናውን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ሰላማዊት እጇን ታጠበች፤ ሽታው አልለቀቅ ሲላት ደግማ ታጠበች። ከዚያ ቤት ገብታ ከእናቷ መኝታ ራስጌ ካልሲዎቹን አመጣች። ፀሐይዋ ገና ድንጋዩ ላይ ነበረች። ጎን ለጎን ዘርግታቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። አንደኛው ፊታቸው ሲሞቅ በቀስታ ገለበጠቻቸው።