ከሩቅ የታየችው መርከብ

አዲስ የታጋዮች ክፍል በሰጡኝ ቁጥር የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ አንድ ነው። መጽሐፉ ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች ይላል፤ እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ተረት እጀምራለሁ። ርዕሰ መምህሩ ያውቃል፣ ግን አይናገረኝም። ነፃነት በገባ በዓመቱ የከሰዓት ተማሪዎቻችን ሁሉ ከሜዳ፣ ከትጥቅ ትግሉ፣ የመጡ ናቸው፤ ጸጉሩ የሸበተ የሻለቃ መሪ ሰባተኛ ክፍል ቁጭ ብሎ እጁን ያወጣል።

ተረቱ የግሪኮች ነው። በየጊዜው ወጣቶቿን ለአውሬ የምትገብር አገር ነበረች። የንጉሡ ልጅ «ሄጄ እገድለዋለሁ» ብሎ ከሚገበሩት ጋር ጥቁር ሸራ በተዘረጋባት መርከብ ተሳፈረ። ለአባቱ ቃል ገብቷል፤ በሕይወት ከተመለሰ ጥቁሩን ሸራ በነጭ ይለውጠዋል። ንጉሡ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ማየት ጀመረ። ከዕለታት አንድ ቀን መርከቧ ከሩቅ ብቅ አለች። እዚህ ስደርስ አቆምና «የቀረውን የሚያውቅ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ክፍሉ ያጉረመርማል። «መምህር ለተሰንበት፣ ሸራው ነጭ ነው ጥቁር?» ይሉኛል። አልመልስላቸውም። ላስቸግራቸው ፈልጌ አይደለም፤ ወንድሜን ኤፍረምን እየፈለግሁ ነው።

ኤፍረም ሜዳ የወጣው እኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ላይ ሳለሁ ነው። ታጋዮቹ አስመራ የገቡ ለት እናቴና እኔ ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን። መልሳቸው አንድ ነው፤ «ደሓን ኣሎ፣ ደህና ነው፤ ከኋላ እየመጣ ነው።» ታጋይ የጓዱን ሞት ለቤተሰብ አይናገርም። ቀኑ ሲደርስ ለሁሉም ቤት ባንድ ላይ ይነገራል ተብሏል፤ እስከዚያ ያለውም የሌለውም ከኋላ እየመጣ ነው። ደግ ልማድ ነው ይላሉ። እኔን ግን አንጀቴን አሳርሮታል። በቀጥታ ጠይቄ እውነት የማይነግሩኝ ከሆነ በተረት እመጣባቸዋለሁ አልኩ።

ኤፍረም ማይ ጭሆት ባለው ቤታችን ማታ ማታ የዓለምን ታሪክ ይነግረኝ ነበር። የሚነግረኝ በአማርኛ ነው። ያነበበው በአማርኛ ስለሆነ፣ ደግሞም እናታችን አማርኛ ስለማታውቅ ለፈተና የምናጠና እየመሰላት «ተኙ» አትለንም። ሲያወራ የራሱን ይጨምርበታል። የግሪኩን ንጉሥ አምጥቶ ከአስመራ ወጣ ብሎ ካለው ዓርበሮብዕ ገደል ላይ፣ ከጉሙ በላይ፣ በበርጩማ ያስቀመጠው እሱ ነው። በመጽሐፍ በርጩማ የለም። ለተማሪዎቼም በርጩማውን አልነግራቸውም፤ ከኤፍረም አፍ የሰማ ሰው ቢገኝ የምለየው በእሱ ነው።

ሕግ ነበረን። ተረት የጀመረ ሰው ራሱ ይጨርሳል፤ ሌላ አይነካበትም። መምጣት ያቃተው ለት ብቻ ፍጻሜውን በሰው ይልካል። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ የትሮይን ፍጻሜ በአክስታችን ላከልኝ፤ ምስኪኗ የእንጨቱን ፈረስ በቅሎ አደረገችው። ኤፍረም ድኖ ሲወጣ ይህን ሰምቶ ሊሞት ነበር በሳቅ።

የመርከቧን ተረት የጀመረልኝ በመጨረሻው ማታ ነው። «ሸራው ምን ዓይነት ሆነ?» ስለው «ነገ» አለኝ። ሲነጋ አልጋው ባዶ ነበር። እኔም አድጌ የታሪክ መምህር ሆንኩ፤ ያንን ተረት ግን እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከታጋዮቹ መካከል የምፈልገው «አንድ ሰው እዚህ ድረስ ነግሮን፣ ቀሪው የእህቴ ነው ብሎ አቆመብን» የሚለኝን ነበር። ያ ሰው ከተገኘ ኤፍረም ራሱ ሊጨርስልኝ ይመጣል ማለት ነው።

ከአዲሶቹ ክፍሎች በአንዱ ኣዲያም የምትባል ተማሪ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ታጋይ ናት፤ ትግርኛዋ ዛሬም ይደናቀፋል። በመጀመሪያው ቀን ተረቱን ሳቆም ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እሷ ትኩር ብላ አየችኝ። ከክፍል ስወጣ ፌርማታው ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

«መምህር፣ ቤትሽ ማይ ጭሆት ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«እወ። በምን ዐወቅሽ?»

«ንጉሡን ያለ በርጩማ አስቀመጥሽው» አለች።

የፌርማታውን ብረት ያዝኩ። የሰምበል አውቶቡስ መጥቶ ሰው አሳፍሮ ሄደ። አማርኛችንን የሰማ አንድ ሽማግሌ ገላምጦን አለፈ።

«ሜዳ ስገባ ትግርኛ አልችልም ነበር» አለች ኣዲያም። «ሌላው ሲጫወት እኔ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ኤፍረም ነው አጠገቤ መጥቶ በአማርኛ ተረት የሚነግረኝ። የዓለምን ንጉሥ ሁሉ አስመራ አምጥቶት ነበር።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅኩ። «መርከቧ ላይ ግን አቆመብሽ፤ አይደል? ቀሪው የእህቴ ነው ብሎ።» እወ እንድትለኝ እየለመንኳት ነበር።

«ለዓመታት አቆመብኝ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ እምቢ አለኝ።»

«ኋላስ?»

«ስለ ሰው እንድናገር አልተፈቀደልኝም፤ ታውቂያለሽ። ተረት ግን ማንም አልከለከለኝም» አለች። ከዚያ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። «ልጁ አውሬውን ገድሏል። የሄዱለትን ፈጽመዋል። ግን ሲመለሱ በደስታ ብዛት ሸራውን መለወጥ ረሱ። ጉሙ ሲገለጥ ንጉሡ ጥቁሩን አየ። ከበርጩማው ተነስቶ ራሱን ወደ ባሕሩ ወረወረ። ልጁ ሲደርስ ያገኘው በርጩማውን ብቻ ነው።»

ብረቱን ለቅቄ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ለለተሰንበት አንቺ ጨርሺላት አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «በቅሎ እንዳታደርጊብኝ ብሎም አስጠንቅቆኛል። አበላሸሁት?»

«አላበላሸሽም። የቐንየለይ» ብዬ አመሰገንኳት። እዚያው ፌርማታ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። እንደ ሕጋችን፣ ኤፍረም መምጣት አቅቶት ሰው ልኮልኛል። ኣዲያም አቀፈችኝ።

እስክረጋጋ በእግሬ ሄድኩ። ቤት ስደርስ እናቴ ኣደይ ጽገ እንደ ወትሮዋ ከግቢው በር ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ጥቁር ልብስ አትለብስም፤ ጎረቤት ሲሞትም ነጭ ለብሳ ትሄዳለች፣ ሰውም አይቀየማትም። ተረቱን በትግርኛ ነግሬያታለሁ፤ ለምን እንደማስተምረውም ታውቃለች። ያ ንጉሥ የሞተው ያለቀኑ ባየው ጥቁር ሸራ ነው። የሚነገርበት ቀን ይነገራት እንጂ እኔ ጥቁር ሸራ አልሆንባትም አልኩ በልቤ። በዚሁ ነገር ታጋዮቹን ስንት ጊዜ ረግሜያቸዋለሁ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬስ የሚያውቅ ተገኘ?» አለችኝ።

«ደሓን ኣሎ፣ ኣደይ። ከኋላ እየመጣ ነው።»

ፊቴን ልብ ብላ አየችው። ቀይ ዓይኔን ሳታየው አልቀረችም።

«መርከቧስ ገባች?»

«ገና ናት። ከሩቅ ትታያለች።»

«ሸራዋስ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም መንገዱን ማየት ጀመርኩ።

«ነገ» አልኳት።